ከውጭ የመጣ ጆሮ

ስለ ቡድን ሥራ ጻፉ በተባልን ቁጥር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ያልጀመረ የትምህርት ክፍላችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በተረቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ድሩን ማን እንደሚገምደው፣ ላልቶ ሲገኝም ማን ደፍሮ «ላልቷል» እንደሚል ተረቱ አይነግረንም። በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ምሳሌዬን የምወስደው ደግሞ ከማኔጅመንት መጻሕፍት ሳይሆን ከምወደው ከሮክ ሙዚቃ ነው። ባንዱም ቢትልስ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ደግሞ ቢትልስ! የአያቶቻችን ሙዚቃ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ባንዱ ከተበተነ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቢሆንም የትኛው ዘፈን በየትኛው ቀን እንደተቀረጸ፣ ማን ምን እንደተጫወተ እንደዚህ ባንድ ተመዝግቦ የተቀመጠለት ብዙ የለም። ስለዚህ በግምት ሳይሆን በመረጃ ለመነጋገር ይመቻል።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው እነዚህ ልጆች ማንም ሳያግዛቸው በፊት ቡድን መሆናቸውን ነው። ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ የተገናኙት በጁላይ 1957 ሊቨርፑል ውስጥ በአንድ የቤተ ክርስቲያን በዓል ላይ ሲሆን፣ ጆርጅ ሃሪሰን በ1958 ተቀላቀላቸው። ከ1960 እስከ 1962 ባለው ጊዜ ደግሞ አምስት ጊዜ ወደ ጀርመኗ የወደብ ከተማ ወደ ሐምቡርግ እየተመላለሱ በምሽት ክበቦች ተጫወቱ። በአንድ ሌሊት ለብዙ ሰዓታት መድረክ ላይ መቆም ነበረባቸው። የሚያውቁት ዘፈን ሲያልቅ ያንኑ ማስረዘም ወይም ሌላ መማር እንጂ ወርዶ ማረፍ የሚባል ነገር የለም። መኝታቸውም መጀመሪያ ላይ ከአንድ ሲኒማ ቤት ጀርባ የነበረች መስኮት የሌላት ክፍል ነበረች። እንዲህ ያለ ኑሮ ወይ ያጣላል፣ ወይ ያጣብቃል። እነሱን አጣበቃቸው። አንዱ ሲያዛጋ ሌላው የሚሸፍንለት፣ አንዱ ቃል ሲጠፋበት ሌላው የሚቀበለው ሆኑ።

ይሁንና በ1961 መጨረሻ ላይ ከሊቨርፑልና ከሐምቡርግ ውጪ የሚያውቃቸው አልነበረም። ኖቬምበር 9 ቀን ብራያን ኤፕስታይን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት ካቨርን ወደሚባለው ምድር ቤት ወርዶ ሲጫወቱ አያቸው። ኤፕስታይን የቤተሰቡን የሸክላ መሸጫ የሚመራ ነጋዴ እንጂ ከዚያ በፊት ባንድ አስተዳድሮ አያውቅም። ያየውም ቆዳ ጃኬት የለበሱ፣ መድረክ ላይ የሚበሉ፣ የሚያጨሱና ከተመልካች ጋር የሚሰዳደቡ ልጆችን ነበር። ሙሉ ልብስ አለበሳቸው። መብላቱንና ስድቡን አስተዋቸው። በመጨረሻ አንድ ላይ ጎንበስ ብለው እጅ እንዲነሱ አስተማራቸው። በዘፈናቸው ግን አልገባባቸውም። ለእኔ የኤፕስታይን ትልቅ ችሎታ ይህ ነው፤ የማያውቀውን አለመንካት። (ያልቻለውም ነበር። በስማቸው የሚሸጡ ዕቃዎችን በተመለከተ የተዋዋለው ውል ከገቢው 90 በመቶውን ለሌሎች የሰጠ ነበር። የእኛ ክፍል ተማሪ ቢሆን ኖሮ መምህራችን በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበት ነበር።)

በጃንዋሪ 1 ቀን 1962 ዴካ የተባለው ኩባንያ ዘንድ 15 ዘፈን ተፈትነው ወደቁ። ኤፕስታይን ቅጂውን ይዞ ለንደን ውስጥ በር ማንኳኳቱን ቀጠለ። በመጨረሻ የኢኤምአይ አካል በሆነችው ፓርሎፎን የሚሠራ ጆርጅ ማርቲን የሚባል ሰው እሺ አላቸው። ማርቲን ፒያኖና ኦቦ የተማረ፣ ከዚያ በፊት በአብዛኛው በቀልድ ሸክላዎች ይታወቅ የነበረ ሰው ነው። ጁን 6 ቀን በመጀመሪያው ቀረጻ ስለ ሥራቸው ጉድለት በሰፊው ከተናገራቸው በኋላ «እናንተስ የማትወዱት ነገር ካለ ተናገሩ» ቢላቸው፣ ሃሪሰን ከረባቱን እንደማይወድለት ነገረው። ሁሉም ሳቁ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔ ግን የግንኙነታቸው ውል እዚያች ላይ የተፈረመ ይመስለኛል፤ እኔ እናገራችኋለሁ፣ እናንተም ትናገሩኛላችሁ የሚል ውል።

ውሉ ወዲያው ተፈተነ። ማርቲን ሌላ ሰው የደረሰውን አንድ ዘፈን መጀመሪያ እንዲያወጡ ፈለገ። ልጆቹ ታዘው ቀረጹት፤ ነገር ግን የራሳችንን ነው የምንፈልገው አሉ። ማርቲን ሰማቸው፤ በኦክቶበር 1962 የወጣው የራሳቸው «ላቭ ሚ ዱ» ሆነና በእንግሊዝ 17ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ያ የተውት ዘፈንስ? ጌሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ የተባለ ሌላ የሊቨርፑል ባንድ በ1963 ዘፍኖት አንደኛ ወጣ። ማርቲንም አልተሳሳተም ማለት ነው፤ እነሱም አልተሳሳቱም። ቀጥሎ «ፕሊዝ ፕሊዝ ሚ»ን እንደ እንጉርጉሮ በዝግታ ይዘው መጡ። ማርቲን ፍጥነቱን ጨምሩበት አላቸው። አሁን የተራቸው መስማት የእነሱ ነበርና ሰሙ። ኖቬምበር ላይ ቀርጸው እንደጨረሱ የመጀመሪያ አንደኛ የሚወጣ ዘፈናችሁን ሠራችሁ አላቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ነው። በ1964 «ካንት ባይ ሚ ላቭ» ከአዝማቹ ይጀምር ያለው ማርቲን ነው። በ1965 «የስተርደይ» ላይ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ይግባ ሲል ማካርትኒ መጀመሪያ አቅማማ፣ በኋላም ድምፁ እንዳይርገበገብ ብሎ ተቀበለ። በ1966 መጨረሻ ደግሞ ሌነን የ«ስትሮውቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር»ን ሁለት ቅጂዎች፣ ፍጥነታቸውም ቁልፋቸውም የማይገጥም፣ የአንዱን መጀመሪያ ከሌላው መጨረሻ ጋር ግጠምልኝ አለው። ማርቲንና መሐንዲሱ ጄፍ ኤመሪክ የአንዱን ፍጥነት ከፍ የሌላውን ዝቅ አድርገው ገጠሙት። አማካሪ ማለት እንዲህ ነው፤ ራሱ የማያስበውን ሐሳብ ከልጆቹ ተቀብሎ መንገዱን የሚያገኝ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ድራም የመታው ፒት ቤስት ነበር፤ ከኦገስት 1960 ጀምሮ ሐምቡርግ አብሯቸው የተንገላታ ልጅ። ማርቲን አመታቱን አልወደደውም። ሆኖም አባርሩት አላለም፤ ለሸክላ ቀረጻ ሌላ ድራመር አመጣለሁ ብቻ ነው ያለው። ያባረሩት የገዛ ጓደኞቹ ናቸው። እሱንም ራሳቸው አልነገሩትም። ኦገስት 16 ቀን 1962 ኤፕስታይን ቢሮው ጠርቶ ነገረው፤ ሦስቱ አልነበሩም። በምትኩ ሪንጎ ስታር መጣ። እሱም ቢሆን በሴፕቴምበር ቀረጻ ላይ አንዲ ዋይት የሚባል ቅጥር ድራመር ቦታው ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ ለሱ ታምቡሪን ተሰጠው። ቅር ቢለውም ዋጠው።

በሙዚቃው ውሳኔው ትክክል ነበር። የሪንጎን አመታት ለሰማ ሰው ክርክር አያስፈልገውም። የተነገረበት መንገድ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ይህን የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ አማካሪ ነገር እኛም ሀገር አዲስ አይደለም፤ ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። እኔም በአቅሜ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር የግቢ ባንድ አለኝ፤ የምጫወተው ቤዝ ጊታር ነው። ቀድሞ ሆቴል ውስጥ ይጫወቱ የነበሩ አንድ ጊታሪስት አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ልምምዳችንን እንዲያዩልን ለምነናቸው መጡ። ወንበር ስበው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሦስት ዘፈን ሰምተው ምንም አላሉም። ከዚያ ድራመራችንን «እስቲ ብቻህን ምታልኝ፣ እኔ ላጨብጭብልህ» አሉት። ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ምቱ ከጭብጨባቸው ቀድሞ ሄደ። ሁላችንም ሰማነው። ስንት ወር አብረን ስንጫወት ያልሰማነው ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ደግሞ ገረመኝ፤ እሱ ሲሮጥ እኛም አብረን እንሮጥ ነበራ! «እጅህ ምንም አላለም ልጄ፤ የሚቸኩለው ልብህ ነው» አሉት። ፊት ለፊት፣ እኛ እየሰማን፣ ግን ሳያዋርዱት። ልጁ አንገቱን ነቅንቆ ዱላዎቹን ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ጋሼ ከሄዱ በኋላ ሁለቱ ልጆች ለዓመቱ መጨረሻ ዝግጅት ሌላ ድራመር እንፈልግ አሉ። እሺ፣ ይህ መነጋገር የሚቻልበት ነገር ነው። «ለሱ ደግሞ ጋሼ ይንገሩልን፤ ከሳቸው ሲሆን አይቀየምም» ሲሉ ግን አልዋጥልህ አለኝ። የመለማመጃ ክፍሉን ቁልፍ ከዘበኛው ለምኖ የሚያመጣ፣ ዕቃውን ማታ ማታ የሚሸከም ልጅ ነው። ጋሼ የሰሙትን ተናገሩ፤ ሥራቸው እሱ ነው። አብሮን ይቀጥል ወይ አይቀጥል የሚለው የእኛ ጉዳይ ነው፤ የሚነገረውም በእኛ አፍ ነው። «አንተ ደግሞ ነገር ታከብዳለህ» አሉኝ። ልጁ እስከዚያው ስልኩ ላይ ሜትሮኖም ጭኖ ዶርም ውስጥ ትራስ እየደበደበ ነው፤ የዶርም ጓደኞቹ አማረዋል።

የማከብደው በቢትልስ የደረሰውን ስለማውቅ ነው። ኤፕስታይን ኦገስት 27 ቀን 1967 በ32 ዓመቱ ሞተ። አስቸጋሪውን ነገር ሁሉ የሚናገርላቸው ሰው ነበር። እሱ ሲሄድ አራቱ በሙዚቃ ዓለምን ያስደነቁ፣ እርስ በርስ ግን ከባድ ነገር መነጋገር ያልለመዱ ሰዎች ሆነው ቀሩ። በዲሴምበር 1967 ለንደን ውስጥ የከፈቱት የልብስ ሱቅ በጁላይ 1968 ዕቃውን በነጻ አድሎ ተዘጋ። በ1969 ማን ያስተዳድረን በሚለው ሦስት ለአንድ ተከፈሉ፤ ሦስቱ አለን ክላይንን፣ ማካርትኒ ደግሞ የሊንዳ ኢስትማንን አባትና ወንድም። በመጨረሻ ማካርትኒ ዲሴምበር 31 ቀን 1970 ክስ መሠረተ። ጆርጅ ማርቲን በዚህ ሁሉ ጊዜ በሕይወት አለ፤ ጆሮውም ያው ነው። በ1969 «አቢ ሮድ»ን ሲሠሩ እንደ ድሮው የምንሠራ ከሆነ ብሎ ተመልሶላቸዋል፤ አልበሙም ድንቅ ነው። ግን ጆሮ ብቻውን ምን ያደርጋል?

በ2021 የወጣውን የፒተር ጃክሰንን «ጌት ባክ» ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ፊልሙ ስምንት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ፈተና እየደረሰባችሁ ከሆነ አትጀምሩት። ሃሪሰን ጃንዋሪ 10 ቀን 1969 ትቷቸው ይወጣል፤ ከቀናት በኋላ ይመለሳል። ጃንዋሪ 22 ቀን ከሐምቡርግ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት ኪቦርዲስት ቢሊ ፕሬስተን ሲገባ የክፍሉ አየር ይለወጣል። እንግዳ ቤት ሲመጣ ባልና ሚስት ጠባቸውን እንደሚያቆሙት ማለት ነው። ከስምንት ቀን በኋላ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተጫወቱ። እንግዳ ግን ይሄዳል።

ደግሞ ራሳቸው የተቻላቸው ጊዜም ነበር። በኦገስት 1968 ሪንጎ በደንብ እየተጫወትኩ አይደለም፣ እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ የምትቀራረቡት ብሎ ወጣ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ያኔ ማርቲንን አልላኩም፤ ማኔጀርም አልነበራቸውም። ራሳቸው ቴሌግራም ላኩለት። ሲመለስ ድራሙን በአበባ ተሸፍኖ አገኘው።

የእኛ አምስታችን ስብሰባ ቅዳሜ ነው። ጋሼን አልጠራናቸውም፤ የሳቸው ቀጠሮ ለሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ነው።