በጨው ምድር የቆሙት ሴቶች

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ ደብረ ማርቆስ መጥቶ፥ በስልኩ ውስጥ ያሉ ጥቂት ፎቶግራፎች አሳየኝና «ጋሼ፥ እነዚህን እንዴት ይተረጉሟቸዋል?» አለኝ። በጠፍ የጨው ምድር ላይ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ፥ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ ሴቶች ቆመዋል። ዛፍ የለ፥ ቤት የለ፥ ጥላ የለ። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የወንጌልን ታሪክ በሥዕል እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝና፥ ሥዕል ሁሉ ታሪኩን በግልጥ እንዲነግረኝ እጠብቃለሁ። «ይህማ የቲያትር ልብስ ነው፤ በምድረ በዳ እንዲህ ለብሶ የሚሄድ ማን አለ?» ብዬ ስልኩን መለስሁለት። እናንተ ወጣቶች ትስቁብኝ ይሆናል።

እሱ ግን አልተወኝም። ፎቶግራፎቹን ያነሣችው አይዳ ሙሉነህ መሆኗን፥ ሥራውም ወተር ኤድ የተባለው ድርጅት ጠይቋት እ.ኤ.አ. በ2018 በአፋር ምድር፥ በዳሎል የተሠራ መሆኑን ነገረኝ። ዳሎል ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፥ በዓለም እጅግ ሞቃት ከሚባሉት ስፍራዎች አንዱ ነው። «አሁን ልብሱን ይተዉትና የያዙትን ይዩ» አለኝ። አየሁ። በአንዱ የውሃ ዕቃ ነበር፤ በሌላውም እንዲሁ።

ውሃ የምትሸከም ሴት በየመንገዱ ስለምትገኝ ዓይናችን አልፏት ይሄዳል። አይዳ ቀይ ያለበሰቻት እንድትታየን ይመስለኛል። ልምላሜውንም ያራቀችው ለዓይናችን መሸሸጊያ እንዳይሆን ነው፤ በጎጃም መስክ ብትቆም ኖሮ መስኩን አድንቀን እናልፍ ነበር።

እኛ የግሽ ዓባይ ጎረቤቶች ነንና የውሃ ችግር ሲወራ የሌላ አገር ነገር ይመስለናል። ሆኖም በማስተምርበት ዘመን፥ ደወል ከተደወለ በኋላ ጀርባዋ ርሶ የምትደርስ አንዲት ልጅ ነበረች። እኔም ሰዓት ማክበርን የማስተምር መስሎኝ በሩ አጠገብ አንበረክካት ነበር። እንስራ እንደሚያንጠባጥብ አላውቅም አልልም፤ እናቴ ስትሸከም አድጌአለሁ። ግን ጀርባሽን ምን አራሰው ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም። ከጥቂት ወራት በኋላ መምጣት ተወች፤ እኔም ስሟን ከመጥሪያው መዝገብ በቀይ ቀለም ሰረዝሁ።

ተማሪዬ ስልኩን ወደ ኪሱ ሲከት «ቆይ፥ እስቲ ያችን ቀይ የለበሰችዋን መልስልኝ» አልሁት። መነጽሬንም ፈልጌ አደረግሁ።