ዝርዝር የሌለው መጽሐፍ



በደብረ ታቦር ከተማ በመድረሳ የማስተምር፣ ዕድሜዬ ከአርባ ያለፈ መምህር ነኝ። ኢንሻአላህ ወደፊት በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለማገልገል ነይቼ፣ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ኮምፒውተርና የድረ ገጽ አሠራር በመማር ላይ እገኛለሁ። «ኡስታዝ፣ ይህን ለወጣቶቹ አይተዉላቸውም?» የሚሉኝ ወላጆች አሉ። መልሴ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናልና ላካፍላችሁ።

እኔን ያቀሩኝ ሸህ ወደ አኼራ ሲሄዱ ኪታቦቻቸው ተበታተኑ። የሰረቃቸው የለም። ምን ምን እንደነበረ፣ የትኛው ወቅፍ፣ የትኛው የውሰት እንደሆነ የተጻፈ ዝርዝር ስላልነበረ ብቻ ነው።

ድረ ገጽ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የሚያብረቀርቅ ሥዕል ነው። አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሐሳቡን ያቀረበው፣ ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ሰዎች ሲለዋወጡ የተበተነው ሰነድ አብሮ እንዳይጠፋ በማሰብ ነው። ይህ ከእኛ ጭንቀት በምን ይለያል?

እስቲ ከጉና ተራራ ግርጌ መጥቶ በከተማችን ቤት ተከራይቶ የሚማረውን ልጅ አስቡት። ቅዳሜና እሑድ ስንቅ ለማምጣት ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። መደርደሪያ ሲያገላብጥ የሚውልበት ጊዜ የለውም። የሚፈልገው መጽሐፍ መኖሩን ካላወቀ፣ ለእርሱ መጽሐፉ የለም ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ዝርዝር ማን ያዘጋጅ? «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በእኛ አንደበት አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁ በዚህ አጻጻፍ ተመዝግበው፣ ተማሪው «ሀዲስ አለማየሁ» ብሎ ቢፈልጋቸው ማሽኑ «የለም» ሊለው ይችላል። አንዱ «ቡኻሪ»፣ ሌላው «ቡሃሪ» ብሎ ሲጽፍም እንዲሁ ነው። የፈረንጆቹን ሥርዓት ተከትለን የአባትን ስም ብናስቀድምስ? ሐዲስን «ዓለማየሁ» ብሎ የሚፈልጋቸው ማን ነው? ስለዚህ መዝጋቢው ሁለቱንም አጻጻፍ ማስገባት አለበት። ይህ ደግሞ የማሽን ሳይሆን የቋንቋና የኪታብ ዕውቀት ነው። እኛ መምህራን ሥራው የእኛ አይደለም ብለን የምንሸሽበት ምክንያት የለም።

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። ነገር ግን ድረ ገጽ የግድ ኢንተርኔት አይፈልግም። ገጹ ራሱ ጽሑፍ የያዘ ፋይል ነው፤ በፍላሽ ተገልብጦ በሌላ ኮምፒውተር ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም ውክፔዲያን ያለ ኔትወርክ እንድናነብ ያስችላል። ለዚህም ነው እኔ የምለማመደው ኔትወርክ በሌለበት ቀን የሚከፈት ገጽ መሥራትን የሆነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በገጹ ላይ የማይወጣውን ማወቅ ነው። የመጽሐፉ ስም ለሁሉም ይታይ፤ ማን እንደተዋሰው ግን አይታይ። ለሰው ያልነገረውን ጭንቀት በመጽሐፍ ውስጥ ሊፈልግ የሚመጣ ልጅ አለ። ምስጢሩ በእኛ ዘንድ አማና ነው። የሴት ልጆቻችንን ፎቶግራፍም ለገጽ ማሳመሪያ ብለን ያለ ወላጅ ፈቃድ ማውጣት አይገባንም።

ውድ ወላጆች! በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአባቶቻችሁ ኪታቦች ካሉ፣ ኮምፒውተር እስኪገዛ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የኪታቡን ስም፣ የጸሐፊውን ስም፣ ወቅፍ ከሆነም ለማን እንደተሰጠ በደብተር ላይ መዝግቡ። ዛሬ በደብተር የሰፈረ ነገ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ያልተጻፈውን ግን ኮምፒውተር አይመልሰውም።

አላህ (ሱ.ወ) ዕውቀታችንን ጠቃሚ፣ አማናችንንም የተጠበቀ ያድርግልን። አሚን።