«ሲመጣ» ነው ወይስ «ሲመታ»?

እናንተዬ፣ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ትዳር ያፈርሳል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ አምናለሁ! ለምን ብትሉ፣ አብዛኞቻችን «ጠ»ንም «ተ»ንም በአንድ የላቲን ፊደል ነው የምንጽፋቸው። መዘዙ እዚያ ላይ ነው።

አንዲት የአንኮበር ልጅ አለች፣ ወዳጄ ናት። እጮኛዋ ውጭ አገር ይማራል፤ የሚገናኙት በኢሜይል ነው። «ቴሌግራም እያለ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እሷ ያለችበት ቦታ ኔትወርክ መጣ ሲሉት ይሄዳል። ደግሞስ የልብ ወሬ በሁለት መስመር ያልቃል እንዴ! ታዲያላችሁ አባቷ ለሥራ መተማ ወርደው ሁለት ዓመት ቆይተው ተመለሱ። እሷም በስልኳ፣ በላቲን ፊደል፣ «አባቴ ሲመጣ አለቀስኩ» ብላ ጻፈች። ልጁ ምን ብሎ አነበበው? «አባቴ ሲመታ አለቀስኩ»!

ከዚያማ ምን ልበላችሁ... «ልጁን የሚደበድብ ሰው ደጅ ሽማግሌ አልልክም» ብሎ ለአጎቱ ደወለ። የሽምግልናው ቀን ተሰረዘ። እሷ ጉዱን የሰማችው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም ከሰው አፍ።

ማስተባበያው ደግሞ ባሰ። ደብረ ብርሃን መጥታ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አስጻፈች። የተጻፈው በአሮጌ የአማርኛ ፎንት ነበር፤ ያንኑ ገልብጠው ኢሜይሉ ላይ ለጠፉት። ልጁ ሲከፍተው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና ነጠብጣብ ተዘባርቆ አገኘው። ቫይረስ መስሎት ዘጋው። እኔ ዘንድ እያለቀሰች የመጣችው ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በድሮ ጊዜ ለ«ሀ» የራሱ ቁጥር ስላልነበረው፣ የአማርኛ ፎንት የሠሩት ሰዎች የላቲን ፊደሎችን ቁጥር ወስደው ላያቸው ላይ የግዕዝ ፊደል ስዕል አለበሷቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሱ ይወልቅና የውስጡ ፈረንጅ ብቅ ይላል። ለዚያውም እያንዳንዱ ፎንት የየራሱ ድልድል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግን ለፊደላችን የማንም ያልሆነ፣ የራሱ ቁጥር ሰጠው። ዛሬ ኢሜይል ላይ ፊደሉ የሚጓዘው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ነው። አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ተራው የላቲን ፊደል 1። «ታዲያ ካርድ አይበላም?» ለምትሉ፣ ከአንድ የስልክ ፎቶ የሚከብድ የፍቅር ደብዳቤ ገና አላየሁም።

ኢሜይል ከፍታችሁ ባዶ ሳጥን ካያችሁ አትደንግጡ፤ ፊደሉ አለ፣ የጎደለው ፎንት ነው። ራሳቸው ላይ ጭረትና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደሎች ከተደረደሩ ፕሮግራሙ አጻጻፉን ስቶት ይሆናል። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ይህን የሚጠግን ትእዛዝ አለው። (የአሮጌ ፎንት ደብዳቤ ግን በዚህ አይድንም።) የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ... እንግዲህ እርማችሁን አውጡ። አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ላኪው እንደገና ይላክ።

ተንደርበርድን በወንድሟ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩላት፤ ነፃ ነው። ዋናው ደስ የሚለኝ ያለ ኔትወርክ መሥራቱ ነው። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ደብዳቤዎቹን ሙሉ በሙሉ ማውረድ ነው፤ አለበለዚያ ቤት ስትገቡ ርዕሱ ይታያል፣ ውስጡ ባዶ! ከዚያ አንኮበር ቁጭ ብሎ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሲጨርሱ «ላክ» በማለት ፈንታ «በኋላ ላክ» ማለት። ደብዳቤው ወጪ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ መስመር እስኪገኝ ይጠብቃል። ስልክ ላይ ያለው ጂሜይልም «ላክ» ያላችሁትን እንዲሁ ያቆያል።

አዲስ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። ኢንተርኔት አገራችን በ1989 ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ፣ ኢሲኤ ውስጥ የነበረው ፓዲስኔት ኢሜይል አጠራቅሞ በስልክ መስመር ይልክ ነበር። ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ፣ ላፕቶፕ ይዞ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ምን ያህል ይከበር እንደነበር የደብረ ብርሃን ልጅ ይነግራችኋል።

መጠበቁም ክፋት የለውም። ልጅቷ ማታ በንዴት የጻፈችውን ጠዋት አንብባ ሁለት አንቀጽ አወጣችበት። ምን እንደነበረበት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የቀረው «አባቴ ሲመጣ በደስታ አለቀስኩ» የሚለውና ትንሽ ወቀሳ ነው፤ ሁሉም በፊደላችን። ላፕቶፑን ይዛ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን መጣች፤ መስመር እንዳገኘ ወጪ ሳጥኑ ባዶ ሆነ።

መልሱ በሁለተኛው ቀን ገባ። ይቅርታ ጠይቋል፣ ሽምግልናው ይቀጥል ብሏል። መጨረሻው ላይ «አጎቴ እሁድ አባትሽ ዘንድ ይመጣል» ይላል። ምን ያደርጋል፣ የጻፈው በላቲን ፊደል ነው! «ይመጣል» ይሁን «ይመታል» እሁድ እናያለን።