ጫማዬን ለሊስትሮ፣ እግሬን ለማን?

እናንተዬ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ እግር ነው። “ወሬ አለቀበት እንዴ ይሄ ልጅ?” የምትሉ ካላችሁ አልቀየማችሁም። እኔም ብሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት ይሄን ርዕስ ባይ ገጹን ገልጬ የማልፍ ሰው ነበርኩ። ፀጉሬን በየጊዜው እስተካከላለሁ፣ ፊቴን በመስታወት አያለሁ፣ ጫማዬን አስጠርጋለሁ። እግሬን ግን… እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሊስትሮው ጫማዬን ያየውን ያህል እኔ እግሬን አይቼው አላውቅም ነበር።

ከሚያስቀው ልጀምር። ያኔ አንዲት ነጭ ስኒከር ነበረችኝ። ለሥራም እሷ፣ ለሰርግም እሷ፣ ለለቅሶም እሷ! ካልሲ ማድረግ ደግሞ ፋራነት ይመስለኝ ስለነበር ባዶ እግሬን ነበር የምሰካት። ክረምት ሲሆን ማታ በስብሳ ትገባለች፣ ጠዋት ሳትደርቅ ትወጣለች። ላይዋን ግን ብታዩ! የሰፈራችን ሊስትሮ በሳሙና አሽቶ በረዶ ያስመስላታል።

አንድ እሁድ ታዲያ የአንዲት ጓደኛዬ እናት ቡና ጠሩኝ። ጓደኛዬ ስላችሁ… መቼም ገብቷችኋል። ቤታቸው ምንጣፍ ነው፤ ሁሉም ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ምን ይደረግ፣ አወለቅኩ። ቡናው ይቆላል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ የኔ እግር ግን ሁለቱንም ረታቸው! እናትየው ምንም አላሉም። ዝም ብለው እጣን ጨመሩ። ትንሽ ቆይተው ደገሙ። በሦስተኛው ተነስተው መስኮቱን ከፈቱና “ዛሬስ ጢሱ በዛ መሰለኝ” አሉ፣ ጨዋዋ ሴትዮ። ልጅቷ ዓይኗን ከስኒው ላይ አላነሳችም። እኔ አቦሉን እንደጨረስኩ “ሥራ አለብኝ” ብዬ ወጣሁ። በእሁድ!

በማግስቱ ለእግር የሚረጭ ሽቶ ቢጤ ፍለጋ ፋርማሲ ሄድኩ። ባለሙያዋ ግን “በጣቶችህ መሀል ያሳክክሃል?” አለችኝ። እንዴት አወቀች! ጠንቋይ ናት እንዴ? ለካ በትንሿ ጣትና በጎረቤቷ መሀል ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ተልጦ የነበረው ፈንገስ ኖሯል። ላብ ብቻውን እንደማይሸትም ያስረዳችኝ እሷ ናት። የሚሸተው ቆዳችን ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ላቡንና የሞተውን ቆዳ ሲበሉት ነው። እነሱም ሆኑ ፈንገሱ የሚወዱት እርጥብ፣ ሙቅና ጨለማ ቦታ ነው። የኔ ስኒከር ማለት ነው።

ክሎትሪማዞል የሚባል ቅባት ሰጠችኝና “ማሳከኩ ስለተወህ እንዳታቆም” ብላ አስጠነቀቀችኝ። እኔ ሆዬ በአምስተኛው ቀን ሲሻለኝ ተውኩት! በወሩ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ጊዜ በወጉ ሳምንታት ቀባሁት፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ጨመርኩበት። ግን ቅባቱ ብቻውን አይደለም ያዳነኝ። እግሬን በሳሙና ታጥቤ በጣቶቼ መሀል በፎጣ ማድረቅ ለመድኩ (እስቲ ስንቶቻችሁ ናችሁ እዚያ መሀል ፎጣ የምታስገቡ?)። ናይለን ካልሲ ላብ ስለማይመጥ የጥጥ ገዛሁ፣ በየቀኑም እቀይራለሁ። ሁለተኛ ጫማ ገዝቼም እያፈራረቅኩ አንዱ ቀኑን ሙሉ እንዲናፈስ አደርጋለሁ። ያቺ ልጅ ግን አልተመለሰችም፤ ለሷ የሚሆን ቅባት ፋርማሲው አልነበረውም።

ይሄን ለአንድ ጓደኛዬ ሳጫውተው “ባክህ አታካብድ! አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደለም እንዴ ዓለምን ጉድ ያሰኘው?” አለኝ። አዎ፣ ሮም ላይ በ1952 ዓ.ም በባዶ እግሩ አሸንፏል። በ1957 ዓ.ም ቶኪዮ ላይ ግን ጫማም ካልሲም አድርጎ ነው የሮጠው። ያውም ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ከሮሙ ሰዓት በሦስት ደቂቃ ያህል ፈጥኖ! ደግሞስ ባዶ እግር እንደ ጀብዱ የሚወራው ከተማ ነው። ከወላይታ እስከ ጎጃም በደጋው ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ጫማ ያረሱ ሰዎች እግራቸው እያበጠ ዝሆኔ ይሆንባቸዋል። ወባ ትንኝ የማታውቀው፣ ከአፈሩ ብቻ የሚመጣ የዝሆኔ ዓይነት አለ። እርግማን ነው፣ በዘር የተላከ መዓት ነው እየተባለ ስንቱ ከሰው ተገልሎ ኖሯል! ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ይከላከለዋል።

አሁን ወደማያስቀው ልምጣ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ስኳር አለባት። እኛ ቤት “ስኳር አለባት” ማለት ሻይዋን ያለ ስኳር ትጠጣለች፣ ኪኒኗን ትውጣለች፣ አለቀ ማለት ነበር። ስለ እግር ያነሳ የለም። ለጽሑፍ የመጀመሪያዋን ጠርቀም ያለች ብር ያገኘሁ ጊዜ ለፋሲካ ላስደስታት ብዬ መርካቶ ጫማ ተራ ወረድኩ። ጥቁር፣ ቆዳ፣ ጫፉ ሾል ያለ ጫማ መረጥኩ። ልኳን ከአሮጌው ጫማዋ ገምቼ ነው እንጂ እሷን ይዤ አልሄድኩም። ድንገተኛ ስጦታ ነዋ!

በበዓሉ ጠዋት አደረገችው። “ይጠብሻል እንዴ እቴቴ?” ብላት “ኧረ ልክክ ነው ያለው ልጄ” አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ዘመድ ስትጠይቅ፣ ጎረቤት ስትዞር፣ “ልጄ ነው የገዛልኝ” እያለች እግሯን ዘርጋ አድርጋ ስታሳይ ዋለች። ማታ ስታወልቀው ትንሿ ጣቷ ላይ ውሃ ቋጥሮ ነበር። እሷም አላየችው፣ እኛም አላየን። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ካልሲዋ ከእግሯ ጋር ተጣብቆ አልወልቅ ሲል ነው የነቃነው። ጣቷ ጠቁሯል።

ሐኪሙ “አላመመዎትም ነበር?” ብሎ ጠየቃት። “ምንም” አለች። እውነቷን ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ሲል የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ ሰውየው ድንጋይ ቢረግጥ፣ ፍም ቢነካው ላይሰማው ይችላል። የደም ሥሩንም ስለሚያጠብ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። እኔና እናንተ ጫማ ሲጠበን ተሳድበን እናወልቀዋለን። እሷን ግን የሚያስጠነቅቃት አልነበረም። ወር ያህል በየሁለት ቀኑ ስትታሸግ ከረመችና በመጨረሻ ጣቷ ተቆረጠች። ጫማውን የገዛሁት እኔ ነኝ።

ቁስሏን የምታሽገው ነርስ ናት ያኔ ያላወቅነውን ሁሉ ያስተማረችኝ። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ በየቀኑ ይታያል፤ ውስጥ እግሩም፣ የጣቶቹ መሀልም። ጎንበስ ማለት ካቃተው በመስታወት፣ አለዚያ ሰው ያይለታል። እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ አይዘፈዝፍም፤ ለመታጠቢያም ቢሆን ለብ ያለውን በክርን ለክቶ ነው። ቫዝሊን ለተረከዝ ንቃቃት ጥሩ ነው፣ በጣቶች መሀል ግን አይቀባም። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይኬድም። ጫማ ከማድረግ በፊት እጅ ሰዶ ጠጠር ወይ ሚስማር እንደሌለ መዳበስ ነው። መጅን በምላጭ መላጥማ ጭራሽ! ቤታችሁ ስኳር ያለበት ሰው ካለ ይሄን ጋዜጣ አስቀምጡና ካልሲውን አስወልቁት። ቀልቶ፣ አብጦ፣ ውሃ ቋጥሮ ወይ ቆስሎ ካያችሁ “ነገ ይሻለዋል” ሳትሉ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ጫማ አገዛዝም የተማርኩት ዘግይቼ ነው። እግር ወደ ማምሻው ላይ እበጥ ስለሚል ያኔ ነው መለካት። ቁሙበት፣ ትልቁን እግራችሁን ለኩ (ሁለቱ እኩል አይደሉም)፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይትረፍ። “ሲለበስ ይሰፋል” የሚል ነጋዴ ሲገጥማችሁ አመስግናችሁ እለፉ። ጥፍርንም ቀጥ አድርጎ መቁረጥ እንጂ ጥጉን እየጎረዱ ሥጋ ውስጥ እንዲበቅል መጋበዝ ምን ይሉታል? ሾል ባለ ታኮ ጣቶቻችሁን እንደ በርበሬ የምታጭቁ እህቶቼ፣ በዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን እንጣላለን።

አሁን ማታ ማታ ሥራ አለኝ። አክስቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ በስልኬ መብራት እግሯን አያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ታፍር ነበር፤ “ሂድ ወዲያ! የኔን እግር ምን ታየዋለህ?” ትለኝ ነበር። ዘጠኙን ጣቶች አንድ በአንድ ከፈት እያደረግኩ አያለሁ። ያ ጥቁር ጫማ አልተጣለም። አልጋዋ ሥር በካርቶኑ ተቀምጧል፤ ልጥለው ብል “ልጄ የገዛልኝ ነው” ብላ አላስነካ አለችኝ።

ባለፈው እንደ ልማዴ አይቼ ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

“ቆይ፣ የት ልትሄድ? ያንተንስ? በል ካልሲህን አውልቅ!”

አወለቅኩ።