ከድምፁ በፊት

ቨርጂኒያ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጣሪያዋ የሚታጠፍ አሮጌ መኪና አለችው። እናታችን ከደሴ በድምፅ የምትልክለትን መልእክት የሚሰማው ወደ ሥራ ሲነዳ ነው፤ የንፋሱና የጎማው ጩኸት ግን ይውጠዋል።

ባለፈው ክረምት ልጠይቀው ስሄድ ትልልቅ ስፒከሮች ገዝቶ ጠበቀኝ። ስንገጥማቸው የበሩ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ድምፁ በረታ እንጂ አልጠራም። መልሰን ፈታነው። ቆርቆሮውን አጽድተን፣ አሉሚኒየም የለበሰ የቡቲል ጎማ ንጣፍ ከውስጥ ለጠፍንበት። ከበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አልደፈንንም፤ ቢደፈኑ በሩ ይዝጋል። ጣሪያው ጨርቅ ነውና የንፋሱ ድምፅ ጨርሶ አልጠፋም፤ መንቀጥቀጡ ግን ቆመ።

ያን ምሽት እየነዳን፣ ድምፁን ዝቅ አድርገን እናታችንን ሰማናት። ከዱዓዋ በኋላ በዝግታ፣ «መቼ ትመጣለህ?» ትላለች። ወንድሜ መኪናዋን ዳር ይዞ አቆመ። ለካስ ይህን ጥያቄ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ተማሪዎቼን ዘወትር «ጮክ ብላችሁ ተናገሩ» እል ነበር። አሁን አስቀድሜ ክፍሉን ጸጥ አሰኛለሁ።