የሚዛኑን ቍጥር ማን ያየዋል?

የልብ ድካም ያለበት ሕመምተኛ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤቱ በገባ ጊዜ ቤተ ዘመድ ሁሉ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ትልቁ ጥንቃቄ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ልብ ደምን በሚገባ መግፋት ሲሳነው ኵላሊት ጨውንና ውሃን ይይዛል፤ ውሃውም በእግርና በሳምባ ይጠራቀማል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እግር ሳያብጥ፥ ትንፋሽም ሳያጥር፥ ሚዛን አስቀድሞ ይናገራል። በ3 ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ የጨመረ ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ ያስታውቅ መባሉም ስለዚህ ነው።

እናቴ ይህ ሕመም ካገኛቸው ወዲህ በየማለዳው እህል ሳይቀምሱ ይመዘናሉ፤ እኔም ቍጥሩን በደብተር እጽፋለሁ። ሥራዬ የፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነውና አንድ ነገር አውቃለሁ፤ መዝገብ ምንም በመልካም ጽሕፈት ቢጻፍ ዳኛ ካላየው ለባለጉዳዩ አይጠቅመውም። የሚዛንም ቍጥር እንዲሁ ነው።

ይህንም በውጭ አገር የተደረገው ምርመራ ያስረዳል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1995 ዓመት በወጣው፥ በአሜሪካ፥ በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው ጥናት፥ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 282 ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። ነርሶች እያስተማሩ፥ ከወጡም በኋላ እየተከታተሉ የጠበቋቸው በ90 ቀን ውስጥ 53 ጊዜ ወደ ሐኪም ቤት ሲመለሱ፥ የቀሩት ግን 94 ጊዜ ተመለሱ።

በ2010 ዓመት በዚያው በአሜሪካ በወጣው ሌላ ጥናት፥ 1653 ሕመምተኞች ገብተው፥ እኩሌቶቹ ክብደታቸውንና ስሜታቸውን በስልክ የሚነግሩት ለሰው ሳይሆን ለተቀዳ ድምፅ ነበር። በ6ኛው ወር መጨረሻ በሳምንት 3 ጊዜ የሚደውሉት ከመቶ 55ቱ ብቻ ሆኑ፤ ጥቅምም አልተገኘበትም። በ2018 ዓመት በወጣው፥ 1571 ሰዎች በገቡበት የጀርመን ጥናት ግን፥ የሕመምተኞቹ ክብደት፥ የደም ግፊትና የልብ ምት በየቀኑ በርሊን ወዳለው ሻሪቴ ሐኪም ቤት ይላክ ነበር፤ በዚያም ሐኪሞችና ነርሶች ሌሊትና ቀን ይጠብቁት ነበር። እነዚህ በሕመም መተኛትና በሞት ያጡት በዓመት በአማካይ 17.8 ቀን ሲሆን የሌሎቹ 24.2 ቀን ሆነ።

ባለፈው ክረምት የእናቴ ቍጥር በድንገት ከፍ ባለ ጊዜ፥ ሕመማቸውን ለምታውቅ ነርስ ደወልሁላት። እርስዋም ለሐኪሙ ነግራ ውሃ የሚያሸናው መድኃኒት ተጨመረላቸው፤ ሳምንት ሳይሞላ ክብደታቸው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሐኪም ቤትም አልተኙም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሕመምተኛህን ይዘህ ከሐኪም ቤት በምትወጣበት ቀን መድኃኒቱን ብቻ ተቀብለህ አትሂድ። ‹‹ቍጥሩ በተለወጠ ጊዜ ለማን ልደውል? ሌሊትስ ቢሆን የሚመልስልኝ ማን ነው?›› ብለህ ጠይቅ፤ ስሙንና የስልኩንም ቍጥር በደብተርህ ራስ ላይ ጻፍ።