ከሽሮ ሜዳ እስከ ጨንቻ፤ የመስቀል መንገድ

አዲስ አበባን በሰሜን በኩል የሚያዋስናት ተራራ እንጦጦ ይባላል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። ከተራራው ግርጌ ያለው ቦታ ጉለሌ ነው። ስሙ የቆየ ነው። ከተማው ሳይቆረቆር በፊት በዚህ አካባቢ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሳ ጉለሌ ይባል ነበር። የጎሳው ስም የቦታው ስም ሆኖ ቀረ።

በጉለሌ ውስጥ ሽሮ ሜዳ የሚባል ሰፈር አለ። ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ በመካከሉ ያልፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅ በሱቅ ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የጥበብ ቀሚሱ ተሰቅሏል። ከሱቆቹ ኋላ ባሉት ጠባብ መንደሮች ሸማኔዎች ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ከዶርዜ፣ ከዶኮ፣ ከጨንቻ፣ ከዲታ። አገራቸው ከዚህ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል።

ስለ በዓል ላጫውታችሁ ነው። ሰው ለበዓል የሚለብሰውን የሚሠራው ማን ነው? የሠሪውስ በዓል የት ነው? ሁለቱንም ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን እንይ።

የተራራው በዓላት

እንጦጦ የበዓል ተራራ ነው። አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን ወደ ታች ወደ አዲስ አበባ ሳያወርዱ በፊት መቀመጫቸው እዚህ ነበር። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያው አጠገብ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። ዓመታዊ በዓሉ መስከረም 1 ቀን ነው። ስለዚህ በእንቁጣጣሽ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ዳገቱን ይወጣል።

መስከረም 16 ቀን ደመራ ነው። ንግሥት እሌኒ እንጨት አስደምራ ዕጣን ስትጨምርበት ጢሱ መስቀሉ የተቀበረበትን ቦታ አሳያት ተብሎ ይታመናል። ደመራ የምናበራው ለዚህ ነው። በ2006 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ከመስቀል በኋላ የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻን ያከብራል። ሰው እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውሃ ዳር ይወርዳል። ክረምቱን በሰላም ላሳለፈው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ፣ በሆራ ፊንፊኔ ተከብሯል።

ለነዚህ በዓላት ሁሉ ልብስ ከሽሮ ሜዳ ይወጣል።

ክር የሚቆጥር ሰው

ገበሬ ዓመቱን በዝናብና በመኸር ይቆጥራል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በበዓል ይቆጥራል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለሠርግ ወራት ይሠራል።

ሥራው ቀላል አይደለም። ሴቷ ጥጡን ዳምጣ፣ ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች። ዛሬ የፋብሪካ ክርም ይገባበታል። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል። እግሩ ከታች ይረግጣል፤ እጁ ከላይ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል። አንድ ውርወራ አንድ ማግ ነው። ጋቢው እስኪያልቅ ስንት ጊዜ እንደሚወረውር አስቡት!

ባለ ቀለሙን ጠርዝ ጥለት እንለዋለን፤ ጥበብም እንለዋለን። እውነትም ጥበብ ነው። ጥለት የሚሠራ ሰው ክሩን እየቆጠረ ያነሣል። አንዱን ቢስት ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ምንም አያውቅም ማለት ስሕተት ነው። ክር የቆጠረ ሰው ፊደል መቁጠር አያቅተውም።

በድሮ ጊዜ ግን ሸማኔ ይናቅ ነበር። በሠራው ሸማ የሚያጌጠው ሰው ከሠሪው ጋር አንድ ማዕድ መቅረብን ይጠየፍ ነበር። ልብሱን አክብሮ ሠሪውን መናቅ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ይህ አስተሳሰብ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

ወደ ደጋው

ለጋሞ ሰው ከዓመቱ በዓላት ታላቁ መስቀል ነው። መስቀል ሲቃረብ ሸማኔው የሰውን ልብስ ጨርሶ የራሱን ጓዝ ያስራል። አውቶቡሱ ይሞላል። በሽሮ ሜዳ የመወርወሪያው ድምፅ ጸጥ ይላል።

መንገዱ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል። እዚያ ቆላ ነው፤ የአባያና የጫሞ ሐይቆች ይታያሉ። ከዚያ ወደ ዶርዜና ወደ ጨንቻ ዳገቱን መውጣት ነው። አየሩ ይበርዳል፤ ጉም ይመጣል። በየጓሮው እንሰት ቆሟል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተሠራ፣ ቁመተ ረጅም ነው። የሸማኔ አገር ነውና ቤቱም እንደ ሸማ የተሸመነ ነው። ምስጥ ከታች ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም።

የመስቀል ዝግጅት ዓመቱን ሙሉ ነው። ወንዶቹ በማኅበር ሆነው ለበሬ ይቆጥባሉ። ሴቶቹ ለቅቤ ይቆጥባሉ። በሬው ይታረዳል፤ ሥጋው ለአባላቱ ይከፋፈላል። ሰው ከየቤቱ ችቦ ይዞ ይወጣል። «ዮ ማስቃላ» እያለ በዓሉን ይቀበላል። በዘፈኑ አንዱ ያወጣል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በሌላ ድምፅ ይገቡበታል። ድምፃቸው እንደ ድርና ማግ ይያያዛል። በዓመቱ የተጋቡ ሙሽሮችም አጊጠው ገበያ ይወጣሉ፤ ሕዝቡ ያያቸዋል፤ ይመርቃቸዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዕርቅ ነው። የተጣላ ሰው ቂሙን ይዞ መስቀልን መቀበል የለበትም። ሽማግሌዎች ያስታርቁታል።

ይህ ወግ በክፉ ቀን ጠቅሟል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ ግጭት ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት መካከል የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች ለበቀል ተነሡ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሣር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ አይታለፍም። ወጣቶቹ ተመለሱ። በኢሬቻ ለምስጋና የሚያዘው እርጥብ ሣር በጋሞም ሰላም መለመኛ ነው።

ከበዓሉ በኋላ

አሁን ስለ መልሱ ጉዞ ልንገራችሁ። በዓሉ ሲያልቅ ሸማኔው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። አንዳንዱ ሲመለስ ልጅ ይዞ ይመጣል። የወንድም ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ። «አስተምረዋለሁ፤ ሙያም ይለምዳል» ተብሎ ለወላጅ ቃል ተገብቷል። ቃሉን የሚጠብቅ ዘመድ አለ። የማይጠብቅም አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ከጧት እስከ ማታ ጉድጓድ አፍ ላይ ይውላል፤ ትምህርት ቤቱን አያይም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ወላጅ ሆይ፣ በበዓል ቀን በጠላና በሥጋ መካከል ልጅህን አትስጥ። የት ይኖራል? ማን ቤት? የትኛው ትምህርት ቤት ይገባል? ብለህ ጠይቅ። መልሱን በወረቀት ጻፍ፤ አለዚያም አጽፍ። ይህን መጠየቅ ዘመድን መጠርጠር አይደለም። ቂም ሳይመጣ በፊት ቂምን መከላከል ነው።

መስቀል በደል ተሸክሞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገርን ይከለክላል። በተታለለ ልጅ ላይ የተፈጸመውም በደል ነው። ልጁ ሙያውን ከአባቱ ይማር፤ ፊደሉንም ከትምህርት ቤት ይማር። በመስቀልም እንደ ሰው ልጅ ወደ እናቱ ይመለስ። ያን ጊዜ ደመራው ለእሱም ይበራል።

እንወያይ
1. በእናንተ አገር ከበዓል በፊት የተጣላን ሰው የሚያስታርቀው ማን ነው?
2. ለበዓል የሚወጣውን ገንዘብ እንዴት ትቆጥባላችሁ?
3. ከመንደራችሁ ወደ ከተማ የሄዱ ልጆች አሉ? አሁን የት እንዳሉ ታውቃላችሁ?